ከመሰላሉ ሥር ያየሁት

(ኮምቦልቻ ላይ ለተመራቂ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። እዚሁ ተወልዳችሁ ያደጋችሁም፣ ከሩቅ መጥታችሁ ወሎን ቤታችሁ ያደረጋችሁም፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ።

የጠራችሁኝ ለአንድ ጥያቄ ነው። «ኮሌጅ ከጨረስኩ በኋላ የጦር አውሮፕላን አብራሪ መሆን እችላለሁ ወይ?» ትላላችሁ። መልሱ አጭር ነው፤ ይቻላል። ዛሬ የምንነጋገረው ከዚያ ቀጥሎ ስላለው ነገር ነው።

እኔ አብራሪ አይደለሁም። ይህን ቀድሜ ልናገር፣ ኋላ እንዳትታዘቡኝ። የአውሮፕላን ቴክኒሽያን ነበርኩ። ጉልምስናዬ ያለቀው ቢሾፍቱ፣ አየር ኃይል ግቢ፣ አውሮፕላን ሥር ነው። ኤል-39 የምትባል የቼኮዝሎቫኪያ ሥሪት ማሰልጠኛ ጄት አለች። ሁለት ሰው ትይዛለች። ተማሪው ከፊት ይቀመጣል፣ አስተማሪው ከኋላ። መሰላሉን የማቆም፣ ተማሪውን መቀመጫው ላይ የማሰር፣ ፒኖቹን የመንቀል ሥራ የእኔ ነበር።

ስለ ፒኖቹ ትንሽ ልንገራችሁ። መቀመጫዋ አደጋ ሲመጣ አብራሪውን ይዛ ወደ ላይ የምትፈናጠር ናት። ባሩድ አላት። አውሮፕላኗ መሬት ላይ ሳለች ሳይታሰብ እንዳትተኮስ፣ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለበት ፒን ይሰካባታል። ከበረራ በፊት ቴክኒሽያኑ ፒኖቹን ይነቅልና ለተማሪው ከፍ አድርጎ ያሳያል። አብረው ይቆጥራሉ። ያኔ ነው የተማሪውን ዓይን የማየው። ባለ ዲግሪም ይሁን ከ12ኛ ክፍል የመጣ፣ በዚያች ደቂቃ የሁሉም ዓይን አንድ ነው።

አብራሪ ለመሆን ፈልጌ ነበር። ያደግኩት ደሴ፣ ሆጤ ነው። የአውሮፕላን ድምፅ ስንሰማ ኳሱን ትተን ወደ ሰማይ የምናንጋጥጥ ልጆች ነበርን። ጊዜው ደርሶ ተመዘገብኩ። ፈተናውን አለፍኩ፣ ሩጫውንም አለፍኩ። የሕክምና ምርመራው ላይ ሐኪሙ «ቀኝ ዓይንህን ሸፍን» አለኝ። ሸፈንኩ። ሰሌዳው ላይ የነበሩት ፊደሎች ጉንዳን ሆኑብኝ። ያን ሁሉ ዓመት የግራ ዓይኔ ሩቅ እንደማያይ አላወቅኩም። ሁለቱም ሲከፈቱ ቀኙ የግራውን ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ ሰው በምን ያውቃል? ከክፍሉ ስወጣ ግድግዳውን ተደግፌ የቆምኩበት ቦታ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። ቴክኒሽያን የሆንኩት ከዚያ በኋላ ነው። አልጸጸትም። ግን ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ብዬ አስባለሁ። ዛሬ እዚህ የቆምኩትም በዚያ ምክንያት ነው።

ስልካችሁ ላይ ስለዚህ ሙያ የምታነቡት ነገር አብዛኛው የአሜሪካ ነው። እሱን ከእኛው ጋር አትቀላቅሉት። እዚያ የአየር ኃይል አብራሪ መኮንን ነው፣ መኮንን ለመሆን ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪ የግድ ነው። መግቢያው ሦስት በር አለው። አንዱ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያለው የአየር ኃይል አካዳሚ ነው። ሌላው ዩኒቨርሲቲ እየተማሩ ጎን ለጎን የሚወሰድ የመኮንንነት ሥልጠና ነው። ሦስተኛው እንደ እናንተ ዲግሪውን ጨርሶ ለመጣ ሰው የተከፈተ፣ አላባማ ውስጥ ማክስዌል የሚገኝ የመኮንኖች ማሰልጠኛ ነው። ዲግሪው በምንም ዘርፍ ቢሆን ይቀበላሉ። ግን ዜግነት ይጠይቃሉ። አብራሪው የሙያው ምልክት የሆነውን ክንፍ ደረቱ ላይ ካደረገበት ቀን ጀምሮ ደግሞ 10 ዓመት ማገልገል አለበት። ልብ በሉ፣ ሥልጠናው የወሰደው ጊዜ ከ10ሩ ውስጥ አይቆጠርም። ያለ ዲግሪ የሚኬድበት መንገድም አላቸው፤ የምድር ጦሩ ሄሊኮፕተር አብራሪዎች ብዙዎቹ በዚያ ነው የሚገቡት።

እኛ ጋ ነገሩ የሚጀምረው በማስታወቂያ ነው። አየር ኃይሉ ሰው ሲፈልግ ያወጣል። ዕድሜ፣ ቁመት፣ የትምህርት ደረጃ፣ ሁሉም እዚያው ላይ ይጻፋል። ከአንዱ ዙር ወደ ሌላው ስለሚለያይ፣ ያምና ማስታወቂያ ፎቶ ይዛችሁ «እንዲህ ነው የሚሉት» አትበሉ። የወጣውን ራሱን አንብቡ። ደላላም አትስሙ። «ሰው አውቃለሁ፣ አስገባሃለሁ» የሚል ሰው ከመጣ በሩን አሳዩት። ዓይን በደላላ አይታይም፣ ልብም በደላላ አይመታም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለዩልኝ። የምትፈልጉት መብረር ብቻ ከሆነ ሌላ በር አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የራሱ የአብራሪዎች ትምህርት ቤት አለው። የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን አምሳለ ጓሉ፣ አብራሪነት ከመማሯ በፊት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርክቴክቸር ነበር ያጠናችው። ካፒቴን የሆነችው በ2003 ዓ.ም. ነው። ባሕር ዳር የተወለደች ልጅ ናት። ሴቶች ልጆቼ፣ «ይህ ለእኛ ይሆናል ወይ?» ብላችሁ የጻፋችሁልኝን ወረቀት አይቻለሁ። «አይሆንላችሁም» ለሚሏችሁ እሷን ጥቀሱላቸው። የጦር አብራሪነት ግን ሌላ ነው። የጦር አብራሪ መጀመሪያ ወታደር ነው። አውሮፕላኑ ከወታደርነቱ በኋላ ይመጣል። ወደዚህ ኋላ እመለሳለሁ፤ ቸኩዬ የማልፈው ነገር አይደለም።

ሥልጠናው እንዲህ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ የወታደርነት መሠረታዊ ሥልጠና አለ። ሰልፉ፣ ሩጫው፣ ሌሊት መነሳቱ። ቀጥሎ ክፍል ውስጥ ይገባል፤ ኤሮዳይናሚክስ፣ ሞተር፣ የአየር ጠባይ፣ አቅጣጫ ማወቅ፣ የበረራ ሕግ፣ እንግሊዝኛ። ከዚያ ትንሽ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን፣ ከአስተማሪ ጋር። ከዚያ ብቻውን ያበራል፤ ሶሎ ይባላል። ሲያርፍ ጓደኞቹ ውሃ ይደፉበታል። ቀጥሎ ጄት ይመጣል። መጨረሻ ላይ ተዋጊ፣ ማጓጓዣ ወይም ሄሊኮፕተር ተብሎ ይመደባል። በየደረጃው የሚቀር ሰው አለ። ጠቅላላው ዓመታት ይወስዳል።

እናንተ ኢንጂነሪንግ ያጠናችሁ፣ ክፍሉ ላይ ትቀድማላችሁ። የዚህችን የኮምቦልቻን አውሮፕላን ማረፊያ ውሰዱ። ከባህር ጠለል ከ1,800 ሜትር በላይ ናት። የቢሾፍቱውም እንደዚሁ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው በመቶ 17 ያህል ይሳሳል። ቀኑ ሲሞቅ ደግሞ ከመቶ 20 ያልፋል። ክንፍ የሚሸከመው በአየር ነው፣ ሞተርም የሚተነፍሰው አየር ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ለመነሳት ብዙ ይሮጣል። ጠዋት አሥር ሰው ይዞ የተነሳው፣ ቀትር ላይ ያንኑ ይዞ ለመነሳት ሊቸገር ይችላል። ይህን እናንተ በቀመር ታውቁታላችሁ። ተማሪ አብራሪ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ የሜዳው ጫፍ ወደ እሱ ሲሮጥ እያየ ነው የሚያውቀው።

ዲግሪያችሁ የሚረዳችሁ እስከዚህ ነው። ከዚህ ወዲያ አካል ይመጣል።

ጄት በፍጥነት ሲታጠፍ ሰውነት ይከብዳል። ክብደቱ በጂ ይለካል፤ 1 ጂ ማለት መሬት ላይ ቆመን የሚሰማን የራሳችን ክብደት ነው። በ5 ጂ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 350 ኪሎ ይሆናል። ኤል-39 እስከ 8 ጂ ትችላለች። ሱ-27 የሚባለው ተዋጊ ጄት እስከ 9 ይደርሳል። በ9 ጂ ጭንቅላት ከነሄልሜቱ ከአንድ ከረጢት ስሚንቶ በላይ ይመዝናል። አንገት ያን ተሸክሞ ዞር ብሎ ማየት አለበት። ደም ወደ እግር ይወርዳል። መጀመሪያ ቀለም ይጠፋል፣ ከዚያ ዳር ዳሩ ይጨልማል፣ ካልተጠነቀቁ ራስን መሳት ነው። አብራሪው ጭኑንና ሆዱን አጥብቆ፣ በየ3 ሴኮንዱ እየተነፈሰ ነው ደሙን የሚይዘው። ከበረራ ሲወርዱ አያቸው ነበር። ሸሚዛቸው ከጀርባ በላብ ርሶ ውሃ ሆኗል። መሰላሉ ላይ እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ከአሁኑ እግራችሁንና አንገታችሁን አጠንክሩ። ሩጫ ብቻ አይበቃም።

ሁለተኛው ጆሮ ነው። ሐረጎን፣ ከደሴ ወደዚህ የሚወርደውን ቁልቁለት፣ ጉም ውስጥ የወረደ ሰው ይህ ይገባዋል። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጣችሁ ጉሙ መስኮቱን ሲሸፍነው፣ ቁልቁል እየወረዳችሁ ይሁን ዳገት እየወጣችሁ ግራ ይገባችኋል። መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ የታጠፈ ይመስላችኋል። ደመና ውስጥ የገባ አብራሪም እንደዚያው ነው። የውስጥ ጆሮው «ቀጥ ብለሃል» ይለዋል፣ አውሮፕላኑ ግን ወደ ጎን ጋድሏል። ጆሮውን ያመነ ሞቷል። መሣሪያውን ማመን አለበት። ሰውነቱ እየጮኸ «አይደለም» እያለው።

ሦስተኛው ኦክስጅን ነው። እዚህ ደጋ ያደግን ሰዎች «ከፍታ ለምዶናል» ብለን እንኮራለን። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፣ እውነት ነው። ግን በ7,600 ሜትር ኦክስጅን የተቋረጠበት ሰው በቅጡ ማሰብ የሚችለው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ ነው። ክፋቱ ደግሞ ሰውዬው ምንም እንደሆነ አለማወቁ ነው። ደስ ይለዋል፣ ይስቃል። ስሙን ጻፍ ቢሉት የማይነበብ ነገር ጽፎ በደንብ የጻፈ ይመስለዋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ልንገራችሁ። ዓይኔ ዋሸኝ፣ ጆሮ ይዋሻል፣ አእምሮም ይዋሻል። ይህን ሙያ የሚችለው «ተሳስቻለሁ» ብሎ ቶሎ የሚናገር ሰው ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ከመሰላሉ ሥር ቆሜ ያየሁት ነው።

አንድ ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ የመጣ፣ ሜካኒካል። ክፍል ውስጥ አንደኛ ነው። አስተማሪው ሳይጨርስ እሱ ይጨርሳል። መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም፣ እውነቱን ልናገር። መሰላሉ ላይ ሲወጣ ያስተምረኝ ነበር። «ይህ ቫልቭ በእንዲህ ዓይነት መርህ ነው የሚሠራው» ይለኛል። እኔ እሷን አውሮፕላን ስንት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜያታለሁ። ዝም እላለሁ።

አንድ ማታ ለሌላ ጉዳይ ማደሪያቸው ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ይኸው ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ካርቶን ቆሟል፤ የኮክፒቱን፣ ማለትም አብራሪው የሚቀመጥበትን ክፍል፣ መሣሪያዎች አንድ በአንድ በእስክሪብቶ ሥሎበታል። በጉልበቶቹ መሃል የመጥረጊያ እንጨት ይዟል፤ ያ የአውሮፕላኑ መሪ መሆኑ ነው። ዓይኑን ጨፍኗል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። «ሞተር ቢጠፋ…» ይልና እጁን ወደ ግራ ይልካል፣ ካርቶኑን ይነካል። ይሳሳታል። ከመጀመሪያው ይጀምራል። እንደገና ይሳሳታል። በሩ ላይ ቆሜ እንዳየሁት አያውቅም። ያን ቀን ነው የወደድኩት። ባለ ዲግሪ ልጅ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሀ ብሎ ሲጀምር ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ነው። የቀኑ የመጨረሻ በረራ አልቋል። አውሮፕላኖቹን እየሸፈንን ነው። ጀንበር ወርዳለች። ተማሪዎቹ አውቶቡሱ ውስጥ ገብተዋል። ድንገት አንዱ ከአውቶቡሱ ወርዶ ወደኛ ይሮጣል። እሱ ነው። ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«ጋሼ፣ እስክሪብቶዬ የለም» አለኝ።

እናንተ ትስቁ ይሆናል። የሁለት ብር እስክሪብቶ። እኔ ግን እጄ ቀዘቀዘ። ኮክፒት ውስጥ የወደቀ እስክሪብቶ ወለሉ ላይ አይቀመጥም። አውሮፕላኑ ሲገለበጥ እሱም ይገለበጣል። መሪው ወደ ክንፍና ጅራት የሚያያዝባቸው ዘንጎች አሉ። አንዱ ጋ ቢሸጎጥ መሪው ግማሽ መንገድ ላይ ሊነክስ ይችላል። በማግስቱ ጠዋት ሌላ ተማሪ ያችን አውሮፕላን ይዞ ሊነሳ ነበር።

«መቼ ነው ያጣኸው?» አልኩት።

«ስበር ነበረኝ። ስወርድ ኪሴ ባዶ ነው። አውቶቡስ ውስጥ ነው ያወቅኩት።»

ፊቱን አየሁት። ፈርቷል። ያለቀለት መስሎታል። ዝም ቢል ማንም አያውቅም ነበር። አውቶቡሱ ይሄዳል፣ እራት ይበላል፣ ይተኛል።

ለአለቃዬ ነገርኩ። አውሮፕላኗ ከበረራ ታገደች። መብራት አመጣን። መቀመጫውን ማውጣት አለብን። ባሩድ ያለው መቀመጫ እንደ ሶፋ አይነሳም፤ ሥርዓት አለው፣ ቀስ ተብሎ ነው። ሌሊቱን ስንሠራ አደርን ማለት ይቻላል። ልጁ አልሄደም። «ሂድ ተኛ» ቢባል እምቢ አለ። ባትሪ ይዞ ቆመ። ሻይ አመጣልን። አንድም ጊዜ ስለ ቫልቭ አላስተማረኝም።

አገኘናት። ከመቀመጫው ሥር፣ ከዘንጉ አንድ ስንዝር እንኳ በማትሞላ ርቀት። ሰማያዊ፣ ክዳኗ የተነከሰ። ልጁ መኝታው ላይ ሲያስብ የሚያኝካት እስክሪብቶ።

አስተማሪው ጠዋት መጣ። ሁላችንም ቁጣ እየጠበቅን ነበር። እስክሪብቶዋን ተቀበለ፣ አገላብጦ አያት። ከዚያ ልጁን «ቁርስ በልተሃል?» አለው። አልበላም። «ብላና ና፣ ትበራለህ» አለው። በዚያው ቀን አበረረው። ልጁ ኋላ ክንፉን ለብሷል። ስሙን አልነግራችሁም፤ እሱ አይፈልግም። እስክሪብቶዋን ግን አስቀምጧታል፣ አሳይቶኛል።

ዲግሪ የያዘ ሰው ትልቁ ፈተናው ይኸው ነው ልጆቼ። አራት አምስት ዓመት ሙሉ ትክክለኛውን መልስ በመስጠት ነው እዚህ የደረሳችሁት። ስህተታችሁን በመሸፈን ማርክ ያገኛችሁበትም ቀን አለ፤ እኔም ተማሪ ነበርኩ፣ አውቃለሁ። እዚያ ግን ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ቁጭ ተብሎ «የት አጠፋህ?» ይባላል። ቀድሞ የሚናገረው ተማሪው ነው። አስተማሪው አይቶት ዝም ያለውን ተማሪው ከተናገረ ያልፋል። ተማሪው ከደበቀ፣ ያ ተማሪ ብዙ አይቆይም። ጎበዝ ጎበዝ ልጆች በዚህ ሲቀሩ አይቻለሁ። እጃቸው መብረር አቅቶት አልነበረም የቀሩት።

አሁን ወዳቆየሁት ነገር፣ «የጦር አብራሪ መጀመሪያ ወታደር ነው» ወዳልኩት፣ ልመለስ። ውሉ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት የማታስቡት ከሆነ በኋላ ጊዜ አታገኙም።

ጎረቤታችን ደሴ አውሮፕላን ምን እንደሆነ ታውቃለች። ሀገራችን የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ነው፤ ፖቴዝ የምትባል የፈረንሳይ አውሮፕላን። በዓመቱ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ። የመጀመሪያው አውሮፕላን ከመጣ ስድስት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ኃይለ ሥላሴ እዚያው ነበሩ። ራሳቸው ፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ይዘው ተኮሱ። ቀይ መስቀል የተቀባበት ሆስፒታል ተመታ። አያቴ ያን ቀን ልጅ ነበረች። ድምፁ ሲመጣ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ያይ ነበር ትል ነበር። እስኪወድቅባቸው ድረስ እንግዳ ነገር መስሏቸው። ከዚያ ሽሽት ወደ ጦሳ ተራራ። በሸሚዟ እንደሮጠች እስክትሞት ድረስ ትነግረን ነበር።

ይህ ባዕድ ያደረገው ነው። ግን የራሳችንም አለ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ሀውዜን ላይ፣ በገበያ ቀን፣ የገዛ ሀገራችን አውሮፕላኖች ሕዝብ ላይ ቦምብ ጣሉ። ያን ጊዜ ፒን የነቀለ ቴክኒሽያን ነበር። መሰላሉን የወጣ አብራሪ ነበር። እንደ እኔ፣ እንደ እናንተ እናት ያላቸው። ይህን የምለው ላስፈራችሁ አይደለም። እኔ አየር ኃይሉን እወደዋለሁ። በ1969 ሶማሊያ ስትወረን ሰማዩን የያዙልን ኤፍ-5 የሚባለውን ተዋጊ ጄት የሚያበሩ ልጆች ናቸው። ከእነሱ አንዱ ለገሰ ተፈራ ተመትቶ ወርዶ 11 ዓመት ሶማሊያ እስር ቤት ኖሯል። 11 ዓመት። ያ ደግሞ ሌላው የፊርማው ፊት ነው። ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ ነው የሚፈረሙት።

አንዱ ልጅ በወረቀት «ትእዛዝ ቢመጣስ?» ብሎ ጠይቆኛል። ይህን መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። በ2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ እናንተ የት እንደነበራችሁ ታውቃላችሁ። ከታች ሆኖ ወደ ሰማይ ማየት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ወታደር ትእዛዝ ይቀበላል፤ ካልተቀበለ ጦር አይኖርም። ሲቪል ላይ ተኩስ የሚል ትእዛዝ ግን በጦርነት ሕግም ትእዛዝ አይደለም። የዚያን ቀን የሚሆነውን ያን ቀን ሰማይ ላይ አታስቡትም፤ ጊዜ የለም። አሁን፣ እዚህ፣ ከእናታችሁ ቤት ሳትወጡ ነው የምታስቡት። እኔ ልጄ ይህን ቢጠይቀኝ «ሂድ» እለው ነበር፤ ግን አንድ ሌሊት አብረን ቁጭ ብለን ከተነጋገርን በኋላ።

ስለ ቤተሰብ ካነሳሁ፣ ውሉን አንብቡ። የአገልግሎት ዓመቱ ተጽፏል። የበኩር ልጅ የሆናችሁ፣ ታናናሾቻችሁ የእናንተን ደመወዝ የሚጠብቁ፣ ይህን ለአባትና ለእናታችሁ ግልጽ አድርጋችሁ ንገሩ። ሥልጠና ላይ ያለ ሰው ስልክ እንደፈለገ አይደውልም። ለሠርግ ላይመጣ ይችላል። ለለቅሶም ላይደርስ ይችላል። ሳትነግሯቸው ሄዳችሁ በሁለተኛው ወር በናፍቆት ከምትታመሙ፣ አሁኑኑ ተነጋገሩ። ወላጆችም ዱአችሁን ስጡና ልቀቋቸው።

ብዙ ተናገርኩ። ከመጨረሴ በፊት አንድ ነገር እንሥራ። ተነሱ፣ ሁላችሁም። አብሽሩ፣ አላሯሩጣችሁም።

ከኋላዬ ሰሌዳው ላይ ቅድም የጻፍኩት አለ። ትልቅ ከላይ፣ ትንሽ ከታች። ቀኝ እጃችሁን አንሱ። ቀኝ ዓይናችሁን ሸፍኑ። አትጫኑት፣ ሸፍኑት ብቻ። አሁን የመጨረሻውን መስመር በልባችሁ አንብቡ። መልካም። አሁን ግራውን ሸፍኑና ያንኑ አንብቡ።

ሁለቱ የተለያየባችሁ ሰዎች ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለ፤ ሰኞ ሂዱ። አንዳንዱ በመነጽር ይስተካከላል፣ አንዳንዱ ቀድሞ ከታወቀ ብዙ ይሠራለታል። ማስታወቂያ እስኪወጣ አትጠብቁ።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለኸው፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበስከው፣ እጅህን ቶሎ ያወረድከው። አይቼሃለሁ ልጄ። ስጨርስ ወደኔ ና፣ ሻይ እየጠጣን እንነጋገራለን።